ለቀብር ተዘጋጅተናል፣ ለሞትስ? የድሬና የሐረር ሰዎች የተከራከሩበት ክር

ይህ የውይይት ክር ረዝሟል፤ ግማሹም ወደ ንፍሮና ወደ ድንኳን ሄዷል። አሁን ለሚገባ ሰው ከሥሩ ማንበብ ስለሚከብድ በምላሾቹ ቁጥር ቅደም ተከተል ላሳጥረው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ የማልስማማበት ቦታ ላይ ደግሞ ዝም አልልም።

የከፈተው ድሬዳዋ ሳቢያን ያለ የእድር ጸሐፊ ነው። የጻፈው ባጭሩ ይህ ነው፦ እድራቸው ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ብርጭቆው በመዝገብ ተቆጥሮ ይወጣል ይገባል። አባሉ በየወሩ ሲከፍል አንድ ቀን እንደሚሞት በፊርማው ያመነ ሰው ነው። ያው አባል ሲሞት ግን የቤቱ ካርታ የት እንደተቀመጠ፣ ከማን እንደተበደረ፣ እቁቡን በልቶ ይሁን ሳይበላ ሚስቱ አታውቅም፤ ልጆቹ ከአርባው በፊት ፍርድ ቤት ይቆማሉ። እናም ጠየቀ፦ ሞትን በግልጽ መነጋገር አሁን ያለውን ኑሯችንን ያሻሽለዋል ወይስ ሟርት ነው? የእሱ አቋም ለቀብር እንጂ ለሞት አልተዘጋጀንም፣ ሸሽገን ያኖርነው ፍርሃትም በቁማችን ዕድሜያችንን ይበላል የሚል ነው።

1ኛው ምላሽ አፍህን በዳቦ ከማለት አላለፈም። 2ኛዋ ጨዋ ነበረች። ክርስቲያኑ ንስሐውን፣ ሙስሊሙ ተውባውን ነገ ከነገ ወዲያ የሚለው ሞቱን ስለማያስብ ነው፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች ደግሞ አስቡት ብለው ያዛሉ አለች። 3ኛው ከሐረር ጀጎል የገባ፣ አፎቻ የሚባለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ሰው ነው፤ የድሬውን ሰው አነጋገር አልወደደውም። አፎቻ እንደ እድር ለሞት ብቻ የተቋቋመ አይደለም፣ ሠርጉንም ሐዘኑንም ይይዛል፤ የወንዶቹና የሴቶቹ ለየብቻ ነው፤ ሠርግ ላይ የሚያጨበጭቡልህ ሰዎች ናቸው ቤትህ ሐዘን ሲገባ ቁርኣን የሚቀሩልህ። በዚያ ላይ ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድና ከ100 በላይ የአውልያ (የቅዱሳን ሰዎች) መቃብር በግንቡ ውስጥ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ተቃቅፈው ይኖራሉ፤ ልጅ ከመቃብር አጠገብ ኳስ እየተጫወተ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሞትን የደበቅነው ሁላችንም አይደለንም ባይ ነው። የከፈተው ሰው በ4ኛው ላይ ሲመልስ፣ መቃብር ማየትና ኑዛዜ መጻፍ ለየቅል ናቸው፣ የአፎቻው አባላትስ ስንቶቹ ጽፈዋል አለው። ለዚህ መልስ አልመጣም።

ከ5 እስከ 10 ያለው ንትርክ ነው። 5ኛው መቀበል ማለት አምስተኛው ደረጃ ነው፣ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድርና ትካዜ አልፈው ነው የሚደርሱበት፣ ስለዚህ ጤነኛ ሰው ሊቀበል አይችልም ብሎ ደመደመ። ሥነ ልቦና የሚያስተምር ሰው በ6ኛው ላይ አረመው። አምስቱን ደረጃዎች በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኪዩብለር ሮስ ናት፤ የተነሳችውም ለሞት ከተቃረቡ ሕሙማን ጋር ካደረገችው ንግግር ነው። ሁሉም ሰው በተራ የሚወጣው ደረጃ አይደለም፤ አንዱ ቁጣው ሳይመጣ ይቀበላል፣ ሌላው ጠዋት ተቀብሎ ማታ ይክዳል። 7ኛው ገና ከጅምሩ ምሁር ሊሆንብን ነው ብሎ ሸነቆጠው። 8ኛዋ ደግሞ ሞቱን ያስታወሱት ሰው የራሱን ወገን የሙጥኝ ይላል፣ በሌላው ላይ ይጨክናል የሚለውን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራበትን ምርምር አመጣች፤ ክሩ ራሱ ጎጂ ነው እስከማለት ሄደች። አስተማሪው በ10ኛው ተመልሶ፣ ያንን ውጤት በርካታ ላቦራቶሪዎች በጋራ ደግመው ሞክረውት ሊያገኙት አልቻሉም አለ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ቤተ ሙከራ ይህን ጥያቄ እስካሁን ለማንም አልፈረደለትም የሚለውን ነው። ደግነቱ ከዚህ በኋላ የመጡት ስሜትን ትተው ሥራውን ያወሩ ናቸው።

11ኛው በቅንነት የተሳሳተ ምክር ሰጠ፦ ሁለት ምስክር ጠርተህ ወረቀት አስፈርም፣ አለቀ። የክሩ ምርጥ ክፍል የመጣው ይህን ለማረም ነው። 12ኛው ጠበቃ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ይዞ ገባ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በቁጥር 881 መሠረት በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹ ወዲያው ይፈርማሉ። ሁለት ምስክር የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ሲሆን ነው። ፍርድ ቤት ከሚፈርሱት ኑዛዜዎች አንዳንዶቹ ይዘታቸው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መነበቡን የምትገልጸው አንዲት መስመር ስለቀረች ነው። የሚጠቀመውን ሰው ምስክር ማድረግም ሌላው የሙግት በር ነው፤ ጎረቤት ጥሩ።

ብቻውን መጻፍ የሚፈልግ በቁጥር 884 ሙሉውን በራሱ እጅ ይጻፈው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበል፤ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ይኑረው። 14ኛዋ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ ማተምስ ብላ ጠየቀች። ጠበቃው ራስህ የተየብከው መሆኑን በየገጹ በእጅ ጽሑፍ ካላመለከትክ ዋጋ የለውም፣ በእስክሪብቶ መጻፍ ይቀላል አለ። ከዚያ ብዙዎቻችንን ያስደነገጠውን ጨመረ፦ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ለሰነድ አረጋጋጭ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይፈርሳል። ሣጥን ውስጥ 10 ዓመት የተኛ ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው። ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ ላይ የሚናዘዙትም አይሠራም፤ ለየብቻ ይጻፍ። ልጁን ከውርስ የሚነቅል ደግሞ ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ ማስፈር አለበት።

15ኛው አባቶቻችን በቃል ተናዘው ሞተዋል፣ የምን ወረቀት ነው አለ። በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሕጉ ውስጥ አለ፤ ግን ሞቱ የቀረበ የመሰለው ሰው ለ2 ምስክሮች የሚናገረው ነው። የሚሸከመውም ጥቂት ነው፦ የቀብሩን ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት መሰየምን፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን። ሰውየው ድኖ 3 ወር ከቆየ ደግሞ ይፈርሳል። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል የሚለው ሳቅ ከ16 እስከ 18 ቀጠለ፤ እስከ ድሬው የከፊራ ገበያ ድረስ ሄደው ተመለሱ። ሕጉ የ1952 ዓ.ም መሆኑን ያስታወሰ የለም።

19ኛው ምላሽ የሸሪዓ ሕግ የተማረ ሰው ነው። ሙስሊም ለወራሽ ላልሆነ ሰው መናዘዝ የሚችለው እስከ ሲሶው ድረስ ነው፤ ለወራሽ መናዘዝ የሌሎቹን ወራሾች ስምምነት ይጠይቃል። የሚናዘዘው ነገር ያለው ሰው ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ሐዲስ እንደሚያዝም አስታወሰ። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው፤ አንዱ ወራሽ እምቢ ካለ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ በየትኛው ሕግ መዳኘት እንደምትፈልግ ቤተሰቡ በሕይወትህ ይወቀው ነው ምክሩ። ከዚያ ጠበቃውና እሱ ሁለቱ ሕጎች የሚገናኙበትን አወጡ፦ በሁለቱም ቤት መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያ ኑዛዜ፣ የተረፈው ለወራሽ። ዕዳ ሳይከፈል የሚወረስ ነገር የለም።

20ኛዋ ለሚስት ስንት ይደርሳል አለች። እዚህ ላይ ዝምታ ነበር፤ መልሱን ብዙ ሰው አያውቀውም። በፍትሐ ብሔሩ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፣ ባልም የሚስቱ አይደለም። የምታገኘው በጋብቻ ካፈሩት የጋራ ንብረት ግማሹን ነው፤ ከጋብቻ በፊት በስሙ የነበረው ቤት ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለ ለወላጆቹ ይሄዳል። ለሚስቱ የሚፈልግ ሰው መናዘዝ አለበት፤ ዝም ካለ ሕጉ አያስባትም። በሸሪዓ ልጅ ካለ ስምንተኛ፣ ከሌለ ሩብ ይደርሳታል። ሠላሳ ዓመት አብሮ ኖሮ ይህን አለመነጋገር ፍቅር አይባልም ያለችው ራሷ 20ኛዋ ናት፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

21ኛዋ ነርስ ናት፤ የወረቀቱን ወሬ አቋርጣ በሽተኛው አጠገብ አመጣችን። እኛ ጋ የተለመደው፣ ሐኪሙ በሽታውን ለዘመድ በሹክሹክታ ነግሮ ባለቤቱ ሳይሰማ መቅረቱ ነው። በዚህ ምክንያት የሚጠፋውን ዘረዘረች፦ ሰውየው ሳይታረቅ ይሄዳል፣ ዕዳውን አይናገርም፣ ቤተሰቡ ለማይጠቅም ሕክምና መሬት ይሸጣል፣ እሱም ከሁሉም ፊት ላይ የተደበቀ ነገር እያነበበ ብቻውን ይፈራል። አነጋገሩ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ። ቀጥሎ ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ። ከዚያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፤ ይህን የሚዘለው ነው ነገሩን የሚያበላሸው። ከዚያ በአጭር ቃል መናገርና ዝም ማለት። ማልቀሱን ለማስቆም አለመቸኮል። በመጨረሻ የሚቀጥለውን ሥራ መነጋገር፦ ሕመሙን ማን ያስታግሳል፣ ማንን ማየት ይፈልጋል፣ የት መሆን ይፈልጋል።

22ኛው በጣም ተቆጣ። እናትን ትሞቻለሽ ማለት በቃል መግደል ነው፣ ተስፋ የሚሰጠው ፈጣሪ ነው፣ የፈረንጅ ትምህርት ነው ብሎ ጻፈ። ነርሷ በ23ኛው ስትመልስ አልተቆጣችም። ሁሉም ይነገረው አላልኩም፣ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ትጠየቅ ነው ያልኩት፤ ለልጄ ንገሩት እኔ አልሰማም ካለች እሱም መልስ ነው፣ ግን መልሱ የእሷ ይሁን አለች። ክሩ ውስጥ ተቃውሞን እንዲህ በጨዋነት የመለሰ ሌላ የለም።

ነርሷ እዚያው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸውን ጨመረች። ለካንሰር ሕመም የሚታዘዘው የሚጠጣ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ በሰዓቱ የሚሰጥ ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይወስናል፣ ሰዓቱን ግን የሚያበላሸው ቤተሰብ ነው። ሱስ ይሆንበታል ብለው ሲጮህ ብቻ ይሰጡታል፤ ሕመሙ ከቀደመ በኋላ ማስታገሥ ከባድ ነው። ሆድ ድርቀት እንደሚያመጣ ስለሚታወቅ ማለስለሻውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይሰጣል። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውየው መብላት ሲያቆም በግድ አታጉርሱት፤ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ማራስ ይበቃል። በየ2 ሰዓቱ ገልበጥ አድርጉት፣ ጀርባው እንዳይቆስል። ጉሮሮው ሲያንኮራኩር በጎኑ አስተኙት። ባይመልስም አናግሩት፤ ሊሰማ ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያም አስከተለች፦ መሞት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሞትን የተቀበለ አይደለም፤ የታመመ ነው፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

24ኛው ጀናዛ፣ ማለትም የሙስሊም ሬሳ፣ የሚያጥብ ሰው ነው፤ በአጭሩ ጽፎ ወጣ። እጥበቱ ጎዶሎ ቁጥር ይሆናል፣ 3 ወይም 5 ወይም 7፤ ውኃው በቁርቁራ ቅጠል፣ በመጨረሻው ላይ ካፉር የሚባለው ሽቶ። መገነዣው ከፈን ለወንድ 3 ጨርቅ፣ ለሴት 5። 25ኛዋ ክርስቲያን ናት፤ መግነዛቸውን በቁማቸው ገዝተው፣ ወይም ከኢየሩሳሌም ተሳላሚ አስመጥተው የሚያስቀምጡ እናቶች በእሷም ወገን እንዳሉ ጻፈች። ሁለቱ የተስማሙበት ችግር አንድ ነው፦ የተቀመጠበትን ለማንም ስለማይናገሩ በዕለቱ አዲስ ይገዛል፣ የተቀመጠው ከዓመት በኋላ በብል ተበልቶ ይገኛል።

በ26ኛው ላይ የከፈተው ሰው ተመለሰና የአንድ ደብተር ሐሳብ አቀረበ። የሚጻፈው፦ የቤት ካርታና ውል ያሉበት ቦታ፤ ባንኩና ቅርንጫፉ፤ ያበደርከውና የተበደርከው፣ የባለሱቅ ዱቤ ሳይቀር፤ የእድር ወይም የአፎቻ መዝገብ፤ የንስሐ አባት ወይም ኢማም ስልክ፤ የምትቀበርበት ቦታ። እቁብ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ዕጣውን የበላ ሰው ቀሪው መዋጮ ዕዳው ነው፣ ያልበላ ደግሞ የከፈለው ለቤተሰቡ የሚመለስ ገንዘብ ነው፤ ዳኛውና ጸሐፊው ማን እንደሆኑ ካልተጻፈ ሁለተኛው ይጠፋል። የባንክና የቴሌብር ምስጢር ቁጥር ግን ደብተሩ ላይ አይጻፍ፤ ባንኩ ለወራሽ የሚከፍለው በወራሽነት ማረጋገጫ ነው፣ ከሞት በኋላ በሟች ስልክ ብር ማውጣት ወንድማማቾችን የሚያጣላ ሌብነት ነው። አንዱ ደግሞ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ማስመዝገብን አስታወሰ፤ ማረጋገጫውን የሚጀምሩት የሞት የምስክር ወረቀቱን ይዘው ነው።

ለድሬ ብቻ የሚሆን ነገር በ28ኛው መጣ። ድሬ ሙቀት ነው፤ ሬሳ ማቀዝቀዣ ሳይኖር አያድርም። ቶሮንቶ ያለው ልጅ እስኪደርስ ይጠበቅ አይጠበቅ የሚለው ክርክር በዕለቱ ከተነሳ ሐዘንተኞች ይጣላሉ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅ በራስህ እጅ ይጻፍ፤ የሟች ቃል ከሆነ ማንም አይሟገትም። ሐረር ቀዝቀዝ ቢልም ምክሩ ይሠራል።

29ኛው አቦ፣ ይህ ሁሉ ወረቀት ነው፣ ሙሉ ሕይወት የተባለው የታለ ብሎ ወጋ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። 30ኛው የመለሰው በሥራ ነው። አሁን የያዝካቸውን 10 ዕቅዶች ጻፍ። 10 ዓመት ብቻ ቢቀርህ የምትተወውን ሰርዝ፤ ከዚያ 2 ዓመት ቢቀርህ፣ ከዚያ 3 ወር ቢቀርህ። ሦስቱንም ያለፈው ዛሬ ሳምንትህ ውስጥ ስንት ሰዓት እንዳለው ቁጠር፤ ብዙ ጊዜ ምንም የለውም። መጀመሪያ የሚሰረዘው ለሰው ዓይን የተጀመረው ነው፣ ለምሳሌ ካናዳ ለቀሩ ልጆች የሚሠራው ሦስተኛ ፎቅ። ጥንቃቄው ደግሞ ይህን በትኩስ ሐዘን ውስጥ አለመሥራት ነው፤ ከቀብር ማግስት ቤት የሚሸጥ፣ ሥራ የሚለቅ፣ የሚፋታ ሰው ይጸጸታል፣ ቢያንስ እስከ ሰማንያው ይቆይ። 31ኛዋ ስሌቱን አሳጠረችው፦ አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ በዓመት አንዴ ድሬ ከመጣ፣ እናቱ 10 ዓመት ብትኖር የቀሩት 10 ዓመት አይደሉም፣ 10 ጉብኝት ናቸው።

ከ32 እስከ 37 ክሩ ከመንገድ ወጣ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይበቃል ወይስ ምሳ ይቅረብ፣ ድንኳን በቀን ሙቀት ማን ይቀመጥበታል፣ የከሰዓት ቀብር የሰውን የጫት በርጫ ያበላሻል አያበላሽም። የመጨረሻውን ያመጣው ሰው ተሰደበ፤ ስድቡን አልደግመውም። ከዚህ ውስጥ የሚጠቅመው አንድ ነው፦ ለለቅሶ የሚበደር ቤተሰብ እንዳይኖር ሟቹ ራሱ በደብተሩ ንፍሮ ብቻ ብሎ ከጻፈ ቤተሰቡ ከሐሜት ይድናል።

38ኛው እድሩ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ያስገባው አለ፦ አባሉ በየዓመቱ መስከረም ላይ ደብተር እንዳለውና ማን ጋ እንደተቀመጠ ብቻ ይፈርም፣ ውስጡ አይታይ። 39ኛው ያልፈረመ ይቀጣ አለ፤ 40ኛዋ ሰውን በመቀጮ ሞትን አታስቀብለውም ብላ ተቃወመች። የከፈተው ሰው ለጠቅላላ ጉባኤው አቀርባለሁ ከማለት በቀር አልወሰነም፤ እኔ ከ40ኛዋ ጋር ነኝ።

41ኛው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው፤ ቤቱን ለልጁ መናዘዝ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ጠበቃው በ42ኛው መለሰ፦ ያንተ ያልሆነን ንብረት አትናዘዝም፣ የኪራይ ቤት በኑዛዜ አይተላለፍም። ልጁ አብሮህ የሚኖር ከሆነ ግን የቤተሰብ ቅጹ ላይ ስሙ መኖሩን አሁኑኑ አረጋግጥ፤ የኪራይ ደረሰኞቹንም አትጣል፣ ደብተሩ ውስጥ ይሁኑ።